የአረንጓዴው ቀሚስ ጎን

የሕንፃው ሰዎች «ሰፊው» ይሉታል። ሰፊ ግን አይደለም። መርፌ ይዞም አያውቅም። አንድ ጊዜ የሸሚዙ ቁልፍ ሲበጠስበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሸሚዙን እስከ ወዲያኛው ያሰናበተ ሰው ነው።

ስሙ የወጣለት በመስኮቱ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት አጠገብ፣ ሱቆች ልብስ የሚያሳዩበትን ዓይነት ራስ የሌለው አሻንጉሊት አቁሟል። አሻንጉሊቱ ዛሬ ካፖርት፣ ነገ የሴት ሸሚዝ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ባለቤቱ የማይታወቅ የወታደር ጃኬት ለብሶ ይታያል። ሰውየው ከልባሽ ልብስ ነጋዴዎች ዘንድ ከረጢት ሙሉ ተሸክሞ ሲገባም ያላየው የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ዘበኛው አንድ ቀን የሱሪውን እግር እንዲያሳጥርለት ይዞለት ወጣ። እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ሥራ በዝቶብኛል» አለው። ዘበኛው ወርዶ ለአላፊ አግዳሚው፣ «የትልልቅ ሰዎች ሰፊ ነው መሰለኝ፤ የእኛን ቢጤ አይነካም» ብሎ አወራ። ከዚያ በኋላ ሱሪ ይዞ የሄደ የለም። ክብሩ ግን ከፍ አለ።

እውነተኛ ሥራው በኮምፒውተር ጌም ውስጥ የሚራመዱ፣ የሚዋጉ፣ ገበያ የሚወጡ ሰዎችን ልብስ ልብስ ማስመሰል ነው። አይቶት በማያውቀው ከተማ የተቀመጠ ሌላ ባለሙያ የልብሱን ቅርጽ እንደ ግራጫ ጭቃ አበጅቶ ይልክለታል። ያ ግራጫ ነገር ሱፍ ይሁን ሐር፣ አዲስ ይሁን ወንድማማቾች የተቀባበሉት፣ ዝናብ የመታው ይሁን ፀሐይ የጠጣው፣ የሚወስነው እሱ ነው። ልብሱን ስክሪኑ ላይ እንደ ተፈታ ካርቶን ይዘረጋና ክር በክር ይቀባዋል፤ የጉልበቱን መሳሳት፣ የኪሱን አፍ እድፍ፣ አንገትጌው ላይ የሚቀረውን የላብ መስመር። ስፌቱን ሲሥል ሆን ብሎ ያዛንፈዋል፤ ቀጥ ያለ ስፌት የሰው እጅ አይመስልማ። ሲጨርስ ለጌሙ ሰውዬ ፀሐይ ያወጣለታል። አዎ፣ ፀሐይዋን የሚያስቀምጣት እሱ ነው፤ በስተግራ ከፍ፣ ትንሽ ቢጫ፣ ጥላዋ ለስለስ ያለ። ካልተስማማችው ወደ ቀኝ ያዞራታል።

የውጭዋ ፀሐይ ግን አትታዘዘውም። ስክሪኑ ላይ እየወደቀች ቀለም ታበላሽበታለች። ስለዚህ መጋረጃውን ከአሻንጉሊቱ ጀርባ ይዘጋል። የልብስ እጥፋት አወዳደቅ ማየት ሲፈልግ ብቻ ብቅ ብሎ አይቶ ይመለሳል። አሻንጉሊቱ ለግቢው፣ እሱ ለጠረጴዛው መብራት ተከፋፍለው ይኖራሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ አፍ አይፈልግም። አለቃው የሚያናግረው በጽሑፍ ነው፦ «ክርኑ ይበልጥ ይለቅ።» «የንግሥቲቱ ቀሚስ ጫፍ ጭቃ ይንካው።» ታላቅ ወንድሙ አልፎ አልፎ ይደውልና «አለህ?» ይለዋል። «አለሁ» ይላል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። አንዳንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ወርዶ አፉን ሲከፍት፣ ድምፁ ከስንት ሰዓት ዝምታ በኋላ ዝጎ አልወጣ ይለውና በጣቱ ያሳያል። ዳቦ ሻጭዋ ዱዳ ነው ብላ ታዝንለታለች፤ ትኩሱንም መርጣ ትሰጠዋለች። እሱም ትኩስ ዳቦ ማን ይጠላል ብሎ ዝም አለ። ዝም በማለት የሚያገኘው ነገር እንዳለ መልመድ የጀመረው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

መጀመሪያ የጎረቤት በር መስሎት አልተነሣም። እንደገና ተንኳኳ። «ሰፊው! አለህ?» የሚል የሴት ድምፅ ተከተለ። ሲከፍት፣ ፌስታል የያዙ፣ ፀጉራቸው ፊት ለፊቱ የሸበተ ሴት ቆመዋል።

«ይቅርታ፣ ከላይ ነኝ። ሲስተር ነኝ። ታውቀኛለህ አይደል?»

በእርግጥ ያውቃቸዋል። ሆስፒታል የሚሠሩ ነርስ ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሕንፃው በሙሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። እሱ ግን ፊታቸውን በደንብ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እግርዎን አውቀዋለሁ» አለ።

«እግሬን?»

«ጣሪያዬ ላይ ነው የሚሄዱት።»

ሲስተር ሳቁ። «አይ የኔ ነገር! ነጠላ ጫማዬ ድንጋይ ነው። ስረብሽህ ከርሜያለኋ።»

«አይ፣ ደስ ይላል» አለ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ራሱ ደነገጠ።

ሲስተር ግብዣ ሳይጠብቁ ገቡ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሳያስፈቅድ መክፈት የለመደ ሰው ግብዣ አይጠብቅም። እሱ ከሚቀመጥበት ሌላ የነበረችውን ወንበር ልብስ ተከምሮባት አገኟትና ክምሩን አንሥተው አልጋው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከፌስታሉ ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ አወጡ።

«ጡረታ ልወጣ ነው። ሆስፒታሉ መሸኛ ሊያደርግልኝ ነው አሉ፤ ንግግር፣ ፎቶ፣ ምናምን። እና ይሄን ልለብስ ፈልጌ ነበር። እኔ ብፈልገውም እሱ አልፈለገኝም፤ እዚህ ጋ አልዘጋም አለ።» ወገባቸውን መታ መታ አደረጉ። «ጎንና ጎኑን ትንሽ ልቀቅልኝ። ውስጡ ትርፍ ጨርቅ አለው፤ አደራ።»

«ሰፊ አይደለሁም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱም ምላሱ ላይ ደርሰው ነበር። ሲስተር ግን ክፍሉን ዞር ዞር ብለው እያዩ፣ «ቤትህ ጨለመብኝ እንጂ ንጹሕ ነው» አሉ። ቤቱን ሰው ካየለት ስንት ጊዜ እንደሆነው ትዝ አለው።

«ሥራ ከበዛብህ ደግሞ፣ ዘበኛው እንደነገረኝ...»

«አልበዛብኝም» አለ ፈጠን ብሎ።

ልክ መውሰድ ግድ ሆነ። ሜትር የት አባቱ ያምጣ? ወዲያ ወዲህ ተመለከተና የስልኩን ቻርጀር ገመድ ነቅሎ በሲስተር ወገብ ዙሪያ አዞረው፤ የደረሰበትን በጥፍሩ ያዘ።

«ሜትርህስ?»

«አንድ ደንበኛ ወስዶብኝ።»

«ደንበኛ ደግሞ ሜትር ይሰርቃል? ምን ዓይነት ዘመን ነው!» አሉ ሲስተር፤ ለእሱ ተቆጭተው።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ማለት ጀመሩ። «እንዴት ሆነ?» ብለው ይጀምሩና የቀሚሱ ነገር ይረሳል። እሱ ሻይ ያፈላል። አንድ ኩባያ ብቻ ስለነበረው ሁለተኛ ገዛ፤ ሱቁ ውስጥ የመረጠበትን ጊዜ ያየ ሰው ለሠርጉ ቤት የሚያሟላ ሙሽራ ይለው ነበር። ሲስተር ስለ ዋርዱ ያወራሉ፤ መርፌ ሲያይ ራሱን ስለሚስተው ትልቅ ሰውዬ፣ ስልክ እያየች መድኃኒት ስለምታቀላቅለው አዲሷ ነርስ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ለመሄድ ሲነሡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ መልሱን ፈልጎ ሳይሆን ቁጭ እንዲሉለት።

ስፌቱን ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየ ተማረ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰው፣ እሱን ላብ በላብ አደረገው። በሥራው ስፌት እንዲዛነፍለት ስንት ይጨነቅ የነበረው ሰውዬ፣ አሁን ያለ ምንም ጭንቀት ሲዛነፍለት አየ። ጣቱን ወጋ፣ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ።

የገረመው ግን የቀሚሱ ውስጥ ነው። እሱ የሚሠራቸው ልብሶች ውስጥ የላቸውም። ማንም የማያየውን መሥራት ጌሙን ማክበድ ነው ይላል አለቃው። ገልብጦ ቢያይ ባዶ ነው። ይህ ቀሚስ ሲገለበጥ ግን ሌላ ቀሚስ ሆነ። ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተኝቷል፤ እዚያ ላይ የድሮ ስፌት የተፈታባቸው የመርፌ ቀዳዳዎች በመስመር በመስመር አሉ። አንዱ መስመር በጣም ወደ ውስጥ ገብቶ ቀሚሱን አጥብቦት ነበር፤ ሌላው መልሶ አስፍቶታል።

በማግሥቱ ሲስተር ሻዩን ሲነፉ፣ «አንድ ጊዜ በጣም ከስተው ነበር?» አላቸው።

ኩባያውን አስቀመጡ። «ማን ነገረህ?»

«ቀሚሱ።»

ሲስተር ቀሚሱን ከእጁ ወስደው ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ባለቤቴ የታመመ ጊዜ ነው» አሉ። «ዋርድ ውዬ እሱን አስታምማለሁ። ሁሉንም አጉርሼ እኔ መብላት እረሳለሁ። እሱ ካለፈ በኋላ ነው አንዷ ጓደኛዬ 'ቀሚስሽ ላይ ተሰቅለሽ ነው ወይ የምትሄጂው' ብላ ወስዳ ያስጠበበችው።» ቀሚሱን መለሱለትና፣ «ይሄን ለሰው አውርቼ አላውቅም። አንተ ደግሞ ዝምታህ ያስወራል» አሉ።

ያን ቀን እውነቱን ሊነግራቸው አሰበ። ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከነገረህ በኋላ «በነገራችን ላይ እኔ ሰፊ አይደለሁም» ማለት እንዴት ያለ አነጋገር ነው? ቀሚሱን ከጨረስኩ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ። ከጨረሰ በኋላ ለምን እንደሚመጡ ግን ማሰብ አልፈለገም።

ጎኑ ተለቀቀ። ያኔ ነው ችግሩ የወጣው። ለዓመታት ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይም ሳሙናም አልነካውም፤ ቀሚሱ በተገዛበት ቀለም እንዳለ ተቀምጧል። ውጪው ደግሞ ደብዝዟል። ስለዚህ በሁለቱም ጎን፣ ከብብት እስከ ጫፍ፣ አንድ ጣት የሚያህል ጥቁር ጭረት ወረደ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። እሱ ግን እጁን አፋተገ። እስካሁን በሰው ሙያ ውስጥ ሲዳክር የከረመ ሰውዬ በመጨረሻ የራሱ ነገር መጣለት፤ ቀለም! የደበዘዘውን ጨርቅ በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ቀለሙን ለካ፣ የጨርቅ ቀለም ገዝቶ ጠብታ በጠብታ ቀላቀለ። በትንሽ ብሩሽ ጭረቱን ቀባ፣ አደረቀ፣ ደግሞ ቀባ። በጠረጴዛው መብራት ሥር ሲያየው ጭረቱ የለም። ጠፋ። ዓይኑን አጥብቦ፣ ራቅ ብሎ፣ ቀረብ ብሎ ፈለገው፤ የለም። አሻንጉሊቱ ላይ ሰቅሎ በመስኮቱ ቢያየው ኖሮ ጥሩ ነበር። የሲስተርን ቀሚስ ለግቢው ማሳየት ግን ነውር መሰለው። ስለዚህ መጋረጃው እንደተዘጋ፣ እሱ በመረጠው መብራት ሥር፣ ሥራው አለቀ።

ሲስተር መታጠቢያ ቤቱ ገብተው ለብሰው ወጡ። ዞር አሉ። ቀሚሱ ተዘጋ፤ ወገባቸው ላይ ልክ ተቀመጠ።

«ኧረ አንተ!» አሉ። «እጅህ ይባረክ! ወገቤን ከየት አመጣህልኝ? ስንት ልስጥህ?»

«ምንም።»

«ምን ማለት ነው ምንም? በነፃ ሰፊ አለ እንዴ?»

«ሌላ የሚስተካከል ካለዎት ያምጡ» አለ።

«አመጣለኋ!» አሉና ልብሳቸውን መልሰው ቀይረው ቀሚሱን በክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ። እግራቸው ጣሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ሰማ። መስታወት ፊት የሚደረግ አረማመድ መሆኑን አወቀ።

መሸኛው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነበር። ሲስተር ደረጃውን ሲወርዱ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። በስክሪን ላይ እሱ ያለበሳቸው ሰዎች ሲራመዱ፣ ሲጋልቡ፣ ሲሞቱም አይቷል። እሱ የነካውን ልብስ የለበሰ ሰው በእግሩ ሲሄድ ግን አይቶ አያውቅም። መጋረጃውን ገለጠ።

ግቢው በፀሐይ ተሞልቶ ነበር። ሲስተር ከሕንፃው ጥላ ወጥተው ብርሃኑ ውስጥ እንደገቡ፣ በሁለቱም ጎናቸው ሰማያዊ ጭረት ብልጭ አለ። ጥቁርም አረንጓዴም አይደለም፤ ሰማያዊ ነው፣ ያውም እንደ ፌስታል የሚያብለጨልጭ። አንድ ሰው ከብብታቸው እስከ ጫፋቸው ድረስ በማስመሪያ ያሰመረባቸው ይመስሉ ነበር። በመብራቱ ሥር አንድ የነበሩት ሁለት ቀለሞች በውጪዋ ፀሐይ ተጣልተዋል።

ከበሩ ውጭ የሆስፒታሉ መኪና ሊወስዳቸው ቆሟል።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ሲስተር ጎናቸውን አላዩም፤ ሌላ ሰው ቢነግራቸውም ሰፊው ተሳሳተ ይላሉ፤ ቢበዛ ተቆጥተው ነገ መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። ቢናገር አይመጡም፤ ዝም ቢል በሠላሳ ዓመት ባልደረባ ሁሉ ፊት እንዲህ ሆነው ይቆማሉ። በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ይህን አስቦ የጨረሰ አይመስልም።

«ሲስተር! ቆዩ! ቆዩ እባክዎ!»

ዘበኛው ሳይቀር ከወንበሩ ተነሣ፤ ሰፊው እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር።

«ምነው? ማን ታመመ?» አሉ ሲስተር፤ እጃቸው ቦርሳቸውን ለመክፈት ተዘጋጅቷል።

«ማንም። ቀሚሱ... ጎኑን ይዩት።»

ክንዳቸውን ከፍ አድርገው አዩ። ሌላኛውንም አዩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው። ውስጥ የነበረው ጨርቅ አልደበዘዘም፤ እንዲመሳሰል ብዬ ቀባሁት። ቤት ውስጥ አንድ ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ ነበር።»

«ቀባኸው? ቀሚሴን እንደ ግድግዳ ቀባኸው?»

«ሰፊ አይደለሁም» አለ።

ሁለቱ ቃላት ወጡ። ዘበኛው በሩቁ አፉን ከፈተ።

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

«ልብስ እቀባለሁ። በኮምፒውተር። ጌም ውስጥ... ለሌሉ ሰዎች።»

«ለሌሉ ሰዎች» አሉ ሲስተር።

«አዎ።»

«እኔ ግን አለሁ እኮ» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። «አለሁ። ታየኛለህ?»

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ሲስተር ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ደረጃው አዩ። «ትናንት ብትነግረኝ ሌላ እለብስ ነበር» አሉና ቦርሳቸውን በግራ ጎናቸው ጭረት ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘው ሄዱ። ለቀኝ ጎናቸው ቦርሳ አልነበራቸውም።

ያን ቀን አልመጡም። በማግሥቱም አልመጡም። ከዚያም በኋላ።

ድሮ የሲስተር እግር የሚሰማው ጠዋት ማልዶና ወደ ማታ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋልና ቀኑን ሙሉ ከላዩ ናቸው። ከወጥ ቤት ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወጥ ቤት። ለባለ ሥራ ሰው ልክ የነበረ ቤት ለእግራቸው ጠቦ ተሰማው። እሱ ከሥር ተቀምጦ ይከተላቸዋል፤ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ቧንቧ ከፈቱ። አንድ ስስ ወለል ነው የሚለያቸው፤ ሁለተኛው ኩባያ ግን ታጥቦ ተገልብጦ ቀረ። አለቃው ስለ አንድ አዛውንት ካባ «በጣም ቆንጆ፣ ሕይወት አለው» ብሎ ጻፈለት። ድሮ ቢሆን ሁለቴ ሦስቴ ያነበው ነበር። አሁን ካባውን አየውና ውስጡ ባዶ መሆኑ ትዝ አለው፤ ዘጋው። አንዳንዴ ሥራውን ትቶ ይቅርታ መጠየቂያ ቃላት ይለማመዳል፤ ጮክ ብሎ ሲላቸው የሰው ማመልከቻ የሚያነብ ይመስለዋል፤ ይተዋል።

አንድ ረፋድ ላይ እግራቸው ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ መጣ፣ መጣ፣ ልክ ከጠረጴዛው በላይ ሲደርስ ቆመ። እሱም ቀና አለ። ጣሪያው ነጭ ነው፤ ምንም አይታይበትም። እግሩ ግን አልሄደም። እሱም አንገቱን አልመለሰም። ሁለት ሰዎች እንዲህ ሆነው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ አንዱ ወደ ታች ይመልከት አይመልከት ሌላው አያውቅም። በኋላ እግሩ ቀስ ብሎ ሄደ።

ተነሥቶ ወጣ። ደረጃውን ወደ ላይ ያዘ። ከሚኖርበት ፎቅ በላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ሲስተር በሩን ከፍተው እላይ እታች አዩት። «ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምንም።»

«ባዶ እጅህን?»

«አዎ።»

«ጎሽ። አንድ ነገር ጠቅልለህ ይቅርታ ብትለኝ ኖሮ በሩን ነበር የምዘጋብህ። ግባ።»

ክፍሉ ከእሱ ክፍል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ላይ የጠወለገ የመሸኛ አበባ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ገና ወረቀቱ ያልተላጠለት አዲስ ሰዓት።

«አየህልኝ?» አሉ ሲስተር ወደ ሰዓቱ በአገጫቸው እያመለከቱ። «መሄጃ ለሌለው ሰው ሰዓት ሰጡት።»

ቁምሳጥኑ ክፍት ነበር። በሙያው ምክንያት ዓይኑ ቀድሞ እዚያ ሄደ። ቀሚሶች ረድፍ ይዘው ተሰቅለዋል፤ ግራጫው፣ ቡናማው፣ ባለ አበባው። እሱ ያለ ሜትር ያውቃል፤ ሁሉም የሲስተር የአሁን ልክ ናቸው። አንዳቸውም መለቀቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። ይህን አይቶ ሲያበቃ ሲስተር እያዩት መሆኑን አወቀ። ቀስ ብለው ሄደው ቁምሳጥኑን ዘጉ። ያን ጊዜ በሩን ያንኳኩት ለቀሚስ ብቻ እንዳልነበረ ገባው።

«ፎቶውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ፎቶው! ከመሃል አቁመውኝ ጎንና ጎኔ እንደ መንገድ ምልክት ሲያበራ ወጥቷል። አንዷ ትንሽ ልጅ መጥታ 'ሲስተር፣ ፋሽኑ ደስ ሲል፣ የት አሰፉት?' አትለኝም! 'የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ሰፊ አለ፣ ከትልልቅ ሰዎች በቀር አይነካም' አልኳት። ውሸትህን አንተ ጀመርከው፣ እኔ ጨረስኩልህ።»

ሊስቅ ፈለገ፤ የሲስተር ፊት ግን አልሳቀም።

«የተናደድኩት በቀሚሱ መሰለህ?» አሉ። «ጨርቅ ነው። እኔ ስለ ባለቤቴ ነገርኩህ። አንተ ፊቴ ተቀምጠህ ሻይ እየቀዳህልኝ፣ ሥራህን እንኳ በትክክል አልነገርከኝም። ለማን ነበር ሳወራ የከረምኩት?»

«ሰፊ ካልሆንኩ አይመጡም ብዬ ነው።»

ሲስተር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለእሱም ሌላኛውን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። «በል አሁን ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

ነገራቸው። ስለ ግራጫው ጭቃ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ አለቃው። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሮ ስለማያውቅ መሃል ላይ ድምፁ ሰለለ። ዱዳ ነው ብላ ስለምታዝንለት ዳቦ ሻጭም ሳይቀር ተናዘዘ። እዚህ ላይ ሲስተር ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አሮጊቶችም ትሠራለህ?»

«እሠራለሁ።»

«ምን ታለብሳቸዋለህ?»

«ብዙ ጊዜ... የተጣፈ ካፖርት።»

«ሞኝ! አሮጊት ሁሉ የተጣፈ ትለብሳለች ያለህ ማን ነው? እኔ ብሆን...» ሲስተር ራሳቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። «እኔ ብሆን ቀይ... ወገቡ ላይ ሰፋ ያለ... ኪስ ያለው። ኪስ እንዳትረሳ። የሴት ልብስ ላይ ኪስ የሚቆጥቡት ነገር...»

ቀጣዩ ቃል አልመጣም። ቀና ብሎ ሲያይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በዋርድ ወንበር ላይ የለመዱት እንቅልፍ ነው፤ ድንገት የሚወስድ፣ እጅን ጭን ላይ ሳያስተካክል። የሹራባቸው ደረት በትንፋሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ የላላ ክር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ሠርቶ አያውቅም።

ልሂድ አለ በልቡ። ሊነሣ ሲል ወንበሩ ጮኸ።

«ፈረቃ ተቀየረ እንዴ?» አሉ ሲስተር፤ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

ትንሽ አመነታ። ከእንግዲህ አልዋሻቸውም ብሎ ከራሱ ጋር የተስማማው ገና አሁን ነው።

«ተቀይሯል፣ ሲስተር» አለ። «ይተኙ።»

ሲስተር ራሳቸውን ወደ ሌላው ጎን አዘነበሉ። እሱ ወንበሩ ዳግመኛ እንዳይጮህ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሲነቁ ምን እንደሚሉት አያውቅም፤ እሱም ምን እንደሚላቸው አላዘጋጀም።